ቁጥር አራት በየምሽቱ የምትሄድበት

ማርች 28 ቀን 2009
ትንሿ ሊዩቺዩ ደሴት፣ ደቡብ ታይዋን

ይድረስ ለማከብርዎ ለአባባ ዜንኪቺ፣

ከባሕሩ ማዶ ሆኜ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ጀልባዋስ? አያቶቻችን ከማዕበልና ከክፉ ንፋስ ይጠብቁልኝ። እኔ ፀሐይ አጥቁሮኝ ጨው አድርቆኝ፣ ደህና ነኝ።

ዘንድሮም ለሙታን ቀን አልመጣሁም። ዘመድ ሁሉ መቃብር ላይ ተሰብስቦ ሲበላ እኔ ስቀር ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ እዚህ ላይ አላበዛም።

የምጽፍልዎ እንግዳ እየመጣባችሁ ስለሆነ ነው። በዚህ ወር መጀመሪያ አራት የባሕር ኤሊዎች ጀርባ ላይ ሳሙና የሚያህል ሳጥን ለጥፈን ለቀናቸው። ኤሊዋ ለመተንፈስ ብቅ ስትል ሳጥኑ ወደ ሰማይ መልእክት ይልካል፤ በማግስቱ ጠዋት እኔ ኮምፒውተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ አንዲት ነጥብ አያለሁ። ነጥቧ ቤትን ከቤት አትለይም፣ መንደርን ከመንደር ግን ትለያለች። ሦስቱ ኤሊዎች እዚሁ ይልከሰከሳሉ። አራተኛዋ፣ ግራ መቅዘፊያዋን ሻርክ የሸረፋት፣ ቀጥ ብላ ወደ እናንተ ደሴት እየመጣች ነው።

እኔ ማወቅ የምፈልገው ትልልቆቹ ዥንጉርጉር ሻርኮች የሚያደቡበት ውሃ ስትደርስ ምን እንደምታደርግ ነው። ትሸሻለች? ትደፍራለች? ይህንን በዓይኑ የተከታተለ ሰው የለም። ኦገስት 20 ቀን ከታላላቆቹ ተመራማሪዎች ፊት ቆሜ አዲስ ነገር ካላቀረብኩ ጥናቱ ይዘጋል፤ የሦስት ዓመት ልፋቴም ውሃ በላው ማለት ነው።

እና አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በጁላይ የሻርክ አደን ስትወጡ የሻርኮቹን ሆድ ሳታዩ አትጣሉብኝ። ምን ምን እንደበሉ ይጻፉልኝ።

ያሳደጓት ልጅዎ፣ ናጊሳ


ኤፕሪል 25 ቀን 2009
ኢሺጋኪ ደሴት፣ ጃፓን፣ ሰሜኑ ወደብ

ይድረስ ለልጅ ናጊሳ፣

ባሕሩ ይታዘዝልሽ፣ የምትረግጪው አሸዋ አይክዳሽ። ጉልበቴ እንደ አሮጌ መቅዘፊያ ይንቋቋል፣ ግን ይሄዳል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዚህ ወር በ10 ነው። የወደቡ ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ያ ወሬኛ ሴይቶኩ፣ «የኤሊዎቹ እመቤት ጻፈች!» ብሎ ገበያውን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ነው የሰጠኝ።

ስለ ሙታን ቀን ምንም አልልም። ካሳደገችሽ ከቶዮ መቃብር ፊት በቦታሽ ሰሃን አስቀምጠንልሽ ነበር። የአሳማ ሥጋውን ሴይቶኩ በላው።

የሻርኩን ሆድ አይልሻለሁ፤ ምን ችግር አለ። አንጀት ስጎለጉል ነው ያረጀሁት።

እስቲ አንቺም ለኔ መልሽልኝ። ያ ሳጥን አንድ ቦታ ላይ ለአራት አምስት ቀን ፀጥ ቢል ምን ትያለሽ? ኤሊ በሰዓት ስንት ጊዜ ነው የምትተነፍሰው? ማታስ ከውሃ ሳትወጣ ነው የምታድረው? እንዲሁ የሽማግሌ ጥያቄ ነው። ለማወቅ ያህል ብቻ።

አባባሽ ዜንኪቺ

ምላሽሽ ቶሎ ይድረሰኝ።


ሜይ 14 ቀን 2009
ትንሿ ሊዩቺዩ

ይድረስ ለውድ አባባ ዜንኪቺ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስዎ! ዛሬ በደስታ ስለምቸኩል ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ።

ቁጥር አራት ደረሰች! ኤፕሪል 6 ቀን ደርሳ አራት ቀን ሙሉ ንቅንቅ ሳትል ስትቀር ሞታለች ብዬ ምግብ እንኳ አልበላ ብሎኝ ነበር። ለጥያቄዎም መልሱ ይኸው ነው፤ ፀጥ ካለ ሞታለች እንላለን። ከዚያ ተነሳች። አባባ፣ ምን እንደምታደርግ ቢያዩ! ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከወደባችሁ ትወጣለች፣ በቀጥታ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ትሄዳለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትመለሳለች። ጥቁሩ ድንጋይ ማለት ልጅ ሳለሁ «የሻርክ ሰፈር ነው፣ እጅሽን ውሃ እንዳታስገቢ» ይሉኝ የነበረው! አንዲት ቁስለኛ ኤሊ በየቀኑ እዚያ ትውላለች። ምሽት ላይ ደግሞ ወደ ምሥራቁ ጥግ ትሄድና አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ትመለሳለች። አለቃዬ ፕሮፌሰር ሊያኦ «እንቁላል የምትጥልበትን አሸዋ እየመረጠች ነው» ይላሉ። እኚያ ሰውዬ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠሩኝ፤ እራትም ጋበዙኝ።

ኤሊ ስታርፍ በሰዓት አንዴ ሁለቴ ብትተነፍስ ይበቃታል። ማታ ከውሃ በታች ነው የምትተኛው።

እባክዎ ጥቁሩ ድንጋይ ሲሄዱ ፈልገው ይዩልኝ። በግራ መቅዘፊያዋ ያውቋታል። ወፍራለች? ከስታለች?

ናጊሳዎ


ጁን 9 ቀን 2009
ሰሜኑ ወደብ

ይድረስ ለልጄ፣

አገሩ ሁሉ ደህና ነው። ዝናቡ ገብቷል፣ መራራው ዱባ አፍርቷል፣ የጎረቤት ፍየል አጥሬን በልቷል።

ኤሊሽን አየኋት። ደህና ናት። ወፍራም ናት። ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

የጀልባ ውድድሩ በዓል ድምቅ ብሎ አለፈ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀዘፍኩ፤ ወደቡን ሦስቴ ተመላለስን፣ ተሸነፍን፣ ሴይቶኩ መቅዘፊያው ነው ጥፋተኛው አለ። ፕሮፌሰሩ በስምሽ ከጠሩሽ ጥሩ ነው። ስምሽን ቶዮ ነበረች ያወጣችው፤ መጠራት አለበት።

ለሴፕቴምበሩ የአያቶች በዓል ትመጫለሽ ወይስ እሱንም እንርሳው?

ደግሞስ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ያቺ ኤሊ ወዴት ወዴት ብትሄድ ደስ ይልሽ ነበር?

ዜንኪቺ


ጁላይ 3 ቀን 2009
ትንሿ ሊዩቺዩ

ይድረስ ለአባባ ዜንኪቺ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንት አለፈኝ።

ያለፈውን ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «የት ብትሄድ ደስ ይልሽ ነበር» ማለት ምን ማለት ነው? ኤሊ ታዝዛ አትሄድም!

ነገሩን እንዳለ ልንገርዎ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የቁጥር አራትን ፍጥነት አሰላችና በሳቅ ፈረሰች። «ናጊሳ፣ ኤሊሽ ሞተር ገጥማለች» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ነጥቦቹን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስተያየሁ። በጨረቃ ወር አንደኛና አስራ አምስተኛ ቀን ቁጥር አራት ከወደብ አትወጣም። በወደባችሁ ዓሣ አጥማጅ የማይወጣባቸው የጸሎት ቀናት እነዚያ ናቸው። በጀልባ ውድድሩ ቀንም ወደቡን ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች።

አባባ፣ ይህችን ኤሊ ያገኛት ሰው አለ። በልቷት ሳጥኑን ጀልባው ላይ የሰቀለ ሰው አለ። ከድሮ ሰዎች ኤሊ የሚበላ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ስም አልጠይቅም፣ ከፖሊስም አላገናኝም። ግን እውነቱን ካላወቅኩ ኦገስት 20 ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆሜ ሻርክ የማትፈራ ኤሊ አገኘሁ ብዬ እዋሻለሁ። ፕሮፌሰሩ ወሬውን ከወዲሁ ነዝተውታል። ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ካወቁ ይጻፉልኝ። በየምሽቱ ወደ ምሥራቁ ጥግ የሚሄደውስ ምን ፍለጋ ነው?

እለምንዎታለሁ፣ አይዘግዩ።

ናጊሳ


ጁላይ 28 ቀን 2009
ሰሜኑ ወደብ

ይድረስ ለናጊሳ፣

የዘገየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

መጀመሪያ የታዘዝኩትን ላድርስ። የሻርክ አደኑ አለፈ፤ አስራ ሦስት ያዝን። ሆዳቸው ውስጥ የኤሊ መቅዘፊያ በሦስቱ፣ የወፍ ላባ በአምስቱ፣ በአንዱ ደግሞ የግራ እግር ነጠላ ጫማ ነበር። ሴይቶኩ «አምና የጠፋብኝ ነው» ብሎ ሲለካው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኤሊሽን የበላት የለም። ሳጥኑን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ስሚኝ። ኤፕሪል 6 ቀን ማለዳ መረቤ ውስጥ ገብታ አገኘኋት። አንቺ ፊደል ብትቆጥሪም የዚህ ወደብ ልጅ ነሽ፤ መረብ የገባች ኤሊ ምን እንደምትባል ታውቂያለሽ። ከባሕሩ ንጉሥ ቤት የመጣች እንግዳ ናት። እንግዳ ደግሞ ሳይስተናገድ አይሸኝም። አባቴ እንዳስተማረኝ ጀልባ ላይ አወጣኋት፣ ዓይኗን በንጹሕ ውሃ አጠብኩላት፣ አንድ ስኒ አረቄ አፏ ውስጥ አንቆረቆርኩላት፣ ጀርባዋ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል አንድ በአንድ ፋቅሁላት። ከዛጎሎቹ መሃል ይህ ሳጥን አለ። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው በእንስሳ ጀርባ ላይ ዕቃ የሚጭን!» ብዬ እየተራገምኩ እሱንም በቢላ ፈለቀቅሁላት። ቀለል ብሏት ስትሄድ እጄን አውለበለብኩላት። ሳጥኑን ጀልባ ቤት ወረወርኩት።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤሽ መጣ። ጨካኟ አንቺ ሆንሽ።

ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ሦስት ዓመቴ ውሃ ይበላዋል ብለሻል። ሳጥኑ ጀልባ ቤት ከተቀመጠ ኤሊዋ ሞታለች ትያለሽ። ስለዚህ እንዳትሞት አደረግኋት። ማለዳ ይዣት እወጣለሁ፣ እኩለ ቀን ይዣት እመለሳለሁ። ቤት ስንገባ በባልዲ የባሕር ውሃ ውስጥ እነክራታለሁ፤ ትተንፍስ ብዬ ደግሞ በሰዓት ሁለቴ አወጣታለሁ። እንቁላል እንደሚያገላብጥ ሰው ሆንኩልሽ። ሴይቶኩ አይቶኝ «ዜንኪቺ ሣጥን ያረባል» እያለ አገር ያስቃል።

ከዚያ ደስ ብሎሽ ጻፍሽ። ፕሮፌሰሩ በስሜ ጠሩኝ አልሽ። እንዴት ብዬ ልተው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እየሰማሁ ያረጀሁ ሰው፣ እያደርኩ አጨለምኩት። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ አፍሬም ቢሆን። በየማለዳው ሞተር ሳስነሳ «አሁን ናጊሳ እያየችኝ ነው» እል ነበር። ሦስት ዓመት ያላየሽኝን በየቀኑ ታይኝ ጀመር። ለምጄው ነበር።

አሁን ምን ላድርግ? ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ዜንኪቺ


ኦገስት 6 ቀን 2009

አባባ ዜንኪቺ፣

ከኤፕሪል 6 ጀምሮ ያለውን ነጥብ ሁሉ ሰርዣለሁ። የቀረኝ መንገዷ ብቻ ነው፤ ሻርክ ያለበትን ውሃ አላየችም። የማቀርበው የለኝም። ለፕሮፌሰሩ ነግሬያቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ሳጥኑን በፖስታ ይላኩልኝ። ባልዲ ውስጥ አይንከሩት፣ ጀልባ ላይ አይጫኑት፣ አይንኩት። ከእንግዲህ ስለ ሥራዬ ምንም እንዳያደርጉልኝ እለምናለሁ።

የምሥራቁን ጥግ ነገር ጠይቄ አልመለሱልኝም። እሱም ይቅር።

ናጊሳ


ኦገስት 18 ቀን 2009
ሰሜኑ ወደብ

ይድረስ ለልጄ ለናጊሳ፣

ሰላምታ ነስተሽኝ ጽፈሽልኛል። እኔ ግን አልነሳሽም፤ አያቶች ይጠብቁሽ፣ እህል ይስማማሽ።

እዚህ የሆነውን ግማሹን በስልክ ሰምተሻል። ሌላውን ግማሽ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ በ14 ደረሰኝ። በፖስታ ላክ ያልሽው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ከእንግዳ የወሰድኩትን ለፖስታ ቤት እንዴት እሰጣለሁ? ለእንግዳ ነው የሚመለሰው። በማግስቱ መረቤ ውስጥ ትልቅ ኤሊ ገባች። እሷው ናት አልኩ! ዓይኔ ድሮም ደካማ ነው፣ ማለዳም ነበር፣ መፈለጌም አለበት። ጀርባዋን አጠብኩ፣ በጀልባ ማጣበቂያ ሳጥኑን ለጠፍኩላት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ሁለት ስኒ አረቄ ሰጠኋት። ጅራቷ እንዴት ይረዝማል ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ለቀቅኋት። ቤቴ ገብቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ባልዲ ተኛሁ።

በ17 ፀጉሬን ልስተካከል ተቀምጬ ሳለሁ የወደቡ ደወል አበደ። ሮጬ ብወጣ ስምንት ጀልባ ሞተር አስነስቷል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ። ጉልበቴን እየጎተትኩ ጀልባዬ ላይ ዘልዬ ወጣሁና «ማን ነው የጠፋው?» ብዬ ጮህኩ። ሴይቶኩ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣ። «አንተ ነህ!» አለኝ።

ለካ አንቺ ነጥቧ ጥቁሩን ድንጋይ አልፋ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ሰፊው ባሕር ስትሄድ አይተሽ፣ ሳጥኑን አሁንም ጀልባዬ ላይ የጫንኩት መስሎሽ፣ «አባባ ሞተሩ ጠፍቶ ውሃ እየወሰደው ነው» ብለሽ ደውለሻል። ሴይቶኩ «በስልኩ ውስጥ እንዲህ ስትንሰቀሰቅ እኔም አለቀስኩ» ይላል። የማይታመን ሰው ነው፣ ይህን ግን አመንኩት። ስልኩን ሲሰጠኝ ድምፄን ሰምተሽ ወዲያው ዘጋሽው። አልተቀየምኩም።

አሁን መንደሩ ሁሉ «ኤሊው» ይለኛል። ግማሽ የተቆረጠ ፀጉሬን ይዤ ነው የምዞረው፤ ፀጉር አስተካካዩም ሊፈልገኝ ወጥቶ ነበር።

ይቅር በይኝ። ሥራሽን ሁለት ጊዜ አበላሸሁብሽ።

ዜንኪቺ


ኦገስት 27 ቀን 2009
ትንሿ ሊዩቺዩ

ይድረስ ለምወድዎ ለአባባ ዜንኪቺ፣

ጎንበስ ብዬ፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ፣ ሰላም እልዎታለሁ። ባለፈው የነሳሁዎትንም ጨምረው ይቀበሉኝ።

በመጀመሪያ ኤሊዎ ወንድ ነው። ጅራቱ የሚረዝመው ወንዱ ነው፣ አባባ! ቁጥር አራት አሁን ጎረምሳ ሆናለች።

ኦገስት 20 ቀን ቆምኩ። ፕሮፌሰር ሊያኦ ታምሜያለሁ ብለው ቀሩ። እኔ ካርታውን አንጠልጥዬ እውነቱን ተናገርኩ። ይህ መስመር የኤሊ ነው፤ ይህ ደግሞ የአባባ ዜንኪቺ ነው አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሳጥኑ ኤሊ ላይ መሆኑ በስልክ ድምፅዎን ስሰማ ገብቶኝ ነበርና፣ ከዚያ ወንዱ ኤሊ በስድስት ቀን የሄደበትን አሳየሁ። እርስዎ በቀጥታ የሚያቋርጡትን የጥቁሩን ድንጋይ ውሃ እሱ በሩቁ ዞሮ ነው ያለፈው። አልሸሹም ዞር አሉ! በአንድ ኤሊ ስድስት ቀን ጥናት አይቆምም፤ ጥናቱ ተዘግቷል፣ ትናንት ወረቀቱን ሰጡኝ። መጀመሪያ ጥያቄ የጠየቁኝ አንዲት ሸበቶ ተመራማሪ ነበሩ። ስለ ኤሊ አይደለም የጠየቁኝ። «ሽማግሌው ደህና ናቸው?» አሉኝ።

እቃዬን ስሸክፍ የሰረዝኳቸውን ነጥቦች አውጥቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው። ከኤፕሪል 10 ወዲህ አንድ መቶ ሃያ ሰባት ቀን። ማለዳ አስራ ሁለት ሰዓት መውጣት፣ እኩለ ቀን መመለስ፣ በጸሎት ቀን ማረፍ። ስለ ምሥራቁ ጥግ ሦስት ደብዳቤ ሙሉ ሳይመልሱልኝ ቀሩ። እኔም ሞኟ የኤሊ እንቁላል፣ የኤሊ አሸዋ እያልኩ ስፈልግ ነበር። ከዚያ ጥግ በላይ የእማማ ቶዮ መቃብር እንዳለ ረስቼው ነበር፣ አባባ። ከመርሳቴ ይልቅ አሁን መጻፉ ይከብዳል።

በየምሽቱ ከባልዲው አውጥተው፣ በዚያ ጉልበትዎ ዳገቱን ወጥተው፣ እኔን እዚያ ይወስዱኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል አስቀምጠውኝ ይመልሱኝ ነበር። ሦስት ዓመት የቀረሁበት ቦታ መቶ ሃያ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።

ለአያቶች በዓል እመጣለሁ። ሴፕቴምበር 1 ቀን እደርሳለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ልቀድምም እችላለሁ። ወደብ ድረስ እንዳይቸገሩ። ምሽት ላይ የት እንደሚገኙ አውቃለሁ።

ናጊሳ